ስቱኮ የማይሸፍነው

ውድ ልጆቼ፣

ወጣት ሳለሁ ምጽዋ ላይ በባህር ኃይል የሞተር ባለሙያ ነበርኩ። የሠራሁባት መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባላለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 ለአገራችን እስክትሰጣት ድረስ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሲያትል ብዙ ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው እዚሁ ሌክ ዋሽንግተን ዳር በነበረ መርከብ መሥሪያ እንደተሠራች ያወቅሁት። እ.ኤ.አ. በ1942 ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ የነካችው እዚህ ነው። ያን ቀን ሐይቁ ዳር ሄጄ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።

ጡረታ ወጥቼ ተማሪዎች አሮጌ የሸራ ጀልባ ሲጠግኑ እንዳግዛቸው ስጠየቅ እሺ ያልኩት ለዚህ ይመስለኛል። ስምንት ልጆች ናቸው፤ ሦስቱ የሐበሻ ልጆች። ጀልባዋ ተንደርበርድ የሚባለው ዓይነት ናት። የሲያትሉ ቤን ሲቦርን ነው የነደፈው። ርዝመቷ 26 ጫማ፣ አካሏ ኮምፔንሳቶ። ንድፉን ያሠሩት የኮምፔንሳቶ አምራቾች ናቸው፤ ተራ ሰው በጓሮው ሊሠራት እንዲችል ብለው። የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1958 እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት፣ ጊግ ሃርበር ላይ ውሃ ገባች።

የእኛዋ ከሩቅ ቆንጆ ነበረች። ልጆቹ የመጀመሪያው ቅዳሜ ብሩሽ ይዘው መጡ፤ ሊቀቧት። እኔ ግን ወስፌና መዶሻ ሰጠኋቸው።

ጤነኛ እንጨት በመዶሻ ሲንኳኳ ድምፁ ጥርት ይላል። የበሰበሰ እንጨት ድምፁ ድፍን ነው፣ ካርቶን የመታችሁ ይመስላችኋል። ድፍን ያለበትን በወስፌ ትወጋላችሁ። ወስፌው ሰተት ብሎ ከገባ፣ ጤነኛው እስኪገኝ እየወጋችሁ ትከተላላችሁ። ኮምፔንሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙና በብሎን ቀዳዳው በኩል ነው። ደግሞ ጀልባን የሚያበሰብሰው ከባህር ውሃ ይልቅ ከላይ የሚንጠባጠብ ዝናብ ነው። ምሰሶውን የሚወጥሩት ሽቦዎች የታሰሩበት ጎን፣ አምሮ ከተቀባው ቀለም ሥር፣ ሰፌድ የሚያህል ብስባሽ አገኘን። አንዷ ልጅ አለቀሰች። እኔም ከፍቶኝ ነበር።

መጣፍ ማለት ቀዳዳ ቆርጦ መለጠፍ አይደለም። የአሮጌውም የአዲሱም ጠርዝ ተዳፋት እስኪሆን በፒያላ ይላጋል። ደንቡ ለ1 ውፍረት 8 ርዝመት ነው። ግማሽ ኢንች ውፍረት ላለው ጣውላ 4 ኢንች ተዳፋት ማለት ነው። ያኔ ሙጫው የሚይዝበት ሰፊ ቦታ ያገኛል። ሁለቱ ተዳፋቶች ልክ ለልክ መግጠም አለባቸው። ይህን ለመልመድ ልጆቹ አንድ ወር ሙሉ ቁርጥራጭ ላይ ላጉ።

ከሁሉም እጁ የሚያምረው ልጅ ዝምተኛ ነበር። እሱ አንዱን ጠርዝ አብዝቶ ላገው። ሲገጥመው ክፍተት መጣ። በስቱኮ ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ዝም አለ። እኔ አላየሁትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያቺው ያለቀሰችው ልጅ በመዶሻ ስታንኳኳ ድምፁ ድፍን አለ።

ልጁ አንገቱን ደፋ። ማንም ሳይናገር ወደ ውጭ ወሰድኩት። በሱ ዕድሜ አንድ ጋራዥ ስሠራ ጥርሱ የተበላ ብሎን ገጥሜ ዝም ማለቴን ነገርኩት። መኪናው በሦስተኛው ቀን ዘይቱን ጨርሶ፣ ሞተሩ ተቃጥሎ፣ ተጎትቶ መጣ። ባለቤቱ በዚያ መኪና ነበር ልጆቹን የሚያሳድገው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ጥፋቱን ነቅለን እንደገና ሠራን። ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ ሰቀልን፤ «ዛሬ ያበላሸሁት» የሚል። መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብርድ ስለነበር ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ ኢፖክሲ የሚባለው ሙጫ ላይ ማድረቂያ አብዝቼ ነበር። ማድረቂያ ሲበዛ ቶሎ አይደርቅም፤ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ይቀራል። በወሩ መጨረሻ ሰሌዳው ሞላ። ሥራው ግን ፈጠነ፤ ጥፋቱ ገና ትኩስ ሳለ እየተያዘ።

ልጆቼ፣ እናንተ ጀልባ ላታገኙ ትችላላችሁ። የትምህርት ቤታችሁ የቆመ ጄኔሬተር፣ የተሰበረ ዴስክ ይበቃል። ብቻ ብዙ ሆናችሁ አንድ ነገር ጠግኑ፤ ያበላሻችሁትንም በዚያው ቀን ተናገሩ። የሚጮህባችሁ አለቃ ይኖራል። ይጩህ። እናንተም ነገ አለቃ ስትሆኑ፣ ጥፋቱን ሊነግራችሁ የመጣውን ልጅ መጀመሪያ አመስግኑት።

በሐምሌ ጀልባዋን ሐይቅ ውስጥ አወረድናት። ወላጆች መጥተዋል፤ እናቶች አምባሻ ይዘዋል። ዝምተኛው ልጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ገባ፣ በደረቱ ተኛ። በጠገንነው ቦታ ሁሉ ደረቅ ሶፍት ዘርግቷል። ውጭ ያለው ሰው ይጨፍራል። እኔ መግቢያው ላይ ጎንበስ ብዬ እጠብቃለሁ።

«ጋሼ፣» አለ ከውስጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጎኑ ደረቅ ነው። ታች ግን ብሎኑ ጋ እርጥብ አለ። እሱን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።»