ሥራው ለምን ያው አራት ሰው ላይ ይወድቃል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ብስክሌት ለመንዳት የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ እሁድ የክለቡን ብስክሌቶች ለመጠገን ግን ያው አራት ሰው ብቻ ይመጣል፤ ቅጣት እናስገባ ወይ ነው ያልሽው። እኔ የምመልስልሽ ጀርመን ለትምህርት ሳለሁ አባል ከነበርኩበት የሞተር አልባ አውሮፕላን ክለብ ተነስቼ ነው። ጀርመኖች ዋሰርኩፐ በሚባል ተራራ ላይ የመጀመሪያውን ውድድር ያደረጉት በፈረንጆቹ 1920 ነው። መቶ ዓመት አልፎም ያንቺ ጭቅጭቅ አልተፈታላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ክለቦች አውሮፕላኑን የሚያስነሱት በዊንች ነው። ሜዳው ጫፍ ላይ የቆመ ሞተር ረጅም ገመድ እየጠቀለለ፣ ደቂቃ ሳይሞላ ከ300 እስከ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ያወጣዋል። ከዚያ ወዲያ ከመሬት የሚነሳ ሞቃት አየር እየፈለጉ መዞር ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሽቅብ የሚወጡት በዚሁ አየር ነው። ታዲያ አንድ ሰው እንዲበር ዊንቹን የሚነዳ፣ ክንፉን ደግፎ የሚሮጥ፣ ገመዱን በመኪና ጎትቶ የሚመልስ፣ ሰዓት የሚመዘግብ ያስፈልጋል።

ሜዳ ላይ ያለውን ሥራ ማንም አይሸሽም። ገመድ ሳይጎትት በርሮ የሚሄድ ሰው ወዲያው ይታወቃል። ጉዱ የሚመጣው ብርዱ ሲገባ ነው። በረራው ይቀዘቅዛል፤ አውሮፕላኖቹ ተፈታተው ወርክሾፕ ይገባሉ፤ ይታጠባሉ፣ ይፈተሻሉ፣ በሰም ይወለወላሉ። ያኔ የሚመጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ቡና ላይ ወሬያቸው አንድ ነው፤ "የዛሬ ልጅ በርሮ ይሄዳል።"

አንድ ቀን አንድ ልጅ ክንፍ ሲወለውል አየሁት። አንዱ ሽማግሌ "እንዲህ አይደለም" ብለው ጨርቁን ከእጁ ወሰዱና ራሳቸው ጨረሱት። ልጁ እጁን ኪሱ ከትቶ ትንሽ ቆመና ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ቀረ። ሽማግሌው "አላልኳችሁም?" አሉ።

ወደ ቅጣቱ ስመጣ፣ እዚያም ብዙ ክለቦች አላቸው። አባሉ በዓመት የተወሰነ ሰዓት መሥራት አለበት፤ ላልሠራው ሰዓት ይከፍላል። ጣጣው ግን ደህና ደመወዝ ያለው ከፍሎ መገላገሉ ነው፤ ሸክሙ ተማሪው ላይ ይቀራል። እድር ውስጥ ቅጣት የሚሠራው ብሩ ስለሚከብድ አይመስለኝም። ቀብር የቀረ ሰው ነገ የራሱ ድንኳን ሲተከል ማን እንደሚመጣ ያስባል። ብስክሌት ክለብ ውስጥ ደግነቱ እንዲህ ያለ ቀን የለም።

ስለዚህ በእኔ ይሁንብሽ፣ እሁድን ሰርዙት። ሥራውን ወደ ቅዳሜ አምጡት። የነዳ ሁሉ ብስክሌቱን ሳያጸዳ፣ ካቴናውን ዘይት ሳይቀባ፣ ፍሬኑን ሳያይ አይመልስ። ከበድ ያለውን ጥገና የሚችሉት ይሥሩት፤ ግን አዲስ አባል አጠገባቸው ይቀመጥ፣ ፔንሳውም እሱ እጅ ላይ ይሁን። መውጣት የማይመቻት እናት ካለች መዋጮውን በቴሌብር ትሰብስብ፤ እሱም ሥራ ነው። "የምትችሉ ኑ" የሚለውን መልእክት ደግሞ ተዉት፤ ሁሉም ሌላው ይሄዳል ብሎ ይቀራል። "እገሌ፣ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ፖምፓውን ይዘህ ና" ሲባል ግን እምቢ የሚለው ጥቂት ነው።

አንድ የማይጥምሽ ነገር ልጨምር፣ አትቀየሚኝ። የመሣሪያ ሳጥኑ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው? ከአራታችሁ አንዱ ጋ። ጎማ ልለጥፍ የመጣ ሰው እናንተን ደውሎ ካላገኘ ምን ይሥራ? ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጡና ለአንድ ወር ዞር በሉ። ፔንሳ ከጠፋ እኔ እገዛለሁ።