ማላታዮን የሚረጭ ሰው መርዙን ቀድሞ የሚያገኘው ሲበጠብጥ ነው

ጥያቄ፦ ቀበና ወንዝ ዳር ቆስጣና ሰላጣ አመርታለሁ። ለክሽክሽ (ቅጠል ለሚመጠው ትንሽ ተባይ) 50 በመቶውን የተባይ መድኃኒት ማላታዮን በ16 ሊትር መርጫ 2 ክዳን እያደረግን እንረጫለን። ከሚረጩልኝ ልጆች አንደኛው ማታ ማታ ራሱን ያመዋል፤ ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምቶም አልረጭም አለ። ማስክ ገዝቼላቸዋለሁ። ልጁ እውነቱን ነው?

መልስ፦ ልጁ የሰማው መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታዮንንና ዲያዚኖን የተባለውን ሌላ የተባይ መድኃኒት በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ከሚላቸው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ምድቡ ግን ኬሚካሉ ካንሰር ማምጣት መቻል አለመቻሉን እንጂ በእርስዎ ማሳ ላይ ያለውን የአደጋ መጠን አይናገርም። መጠኑን የሚወስነው ስንት ጊዜ፣ ስንት ዓመትና በምን አያያዝ ሰውነት ውስጥ እንደገባ ነው።

የገዙት ማስክ የአፍ መሸፈኛው ተራ ማስክ ከሆነ ትነቱን አያስቆምም። ዋናው መግቢያ ደግሞ ቆዳ ነው። 2 ክዳን 20 ሚሊ ሊትር ነው ብንል፣ ሲቀዳ እጅ ላይ የፈሰሰ 1 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ መድኃኒት 800 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ውስጥ ያለውን ያህል ማላታዮን ይይዛል። ክዳን ራሱ መለኪያ አይደለም፤ መጠኑ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፣ ዳሩ ላይ የቀረውም ጣት ላይ ይፈሳል። 50 ሚሊ የሚለካ የፕላስቲክ መለኪያ ይግዙ፣ ልጥፉ ላይ ያለውን መጠን ይከተሉ፣ መለኪያውን ለሌላ ሥራ አያውሉት። ልጥፍ የሌለው፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት ግን በርካሽ ቢገኝም አይግዙ፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ጓንቱ እስከ ክንድ የሚደርስ የናይትራይል ጎማ ይሁን። የጨርቅ ወይም የቆዳ ጓንት መድኃኒቱን መጥጦ እጅ ላይ ያቆየዋል፤ ከባዶ እጅ ይብሳል ማለት ይቻላል። ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ቦቲው ውስጥ ይጠራቀማል። የመርጫው ክዳን ወይም ቱቦ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጀርባ ቀኑን ሙሉ ሲርስ ይውላል። ስለዚህ መድኃኒት ሳይገባበት በፊት በንጹሕ ውሃ ሞልተው፣ ጫና ሰጥተው ይፈትሹት። አፉ ቢደፈን በሣር ስንጥር ይጥረጉት፤ በአፍ መንፋት በቀጥታ መጠጣት ነው። ጤዛው እንደጠፋ፣ ንፋስ ሳይነሳ፣ ንፋሱን ወደ ጎን አድርገው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ይርጩ።

ሲጨርሱ ጓንቱን እጅ ላይ እንዳለ በሳሙና አጥበው ያውልቁ። የሥራ ልብሱን ልጁ ይዞት ቤት አይሂድ፤ እዚያው ለብቻው ይታጠብ። ባዶውን ጠርሙስ 3 ጊዜ አለቅልቀው እጣቢውን መርጫው ውስጥ ከጨመሩ በኋላ ይብሱት። ወንዙ ውስጥ ግን ምንም አይታጠብ።

የልጁን ራስ ምታት ከካንሰሩ ለይተው ይዩት፤ ካንሰር ዓመታት ወስዶ ነው የሚመጣው። ይህ ምናልባት መመረዝ ነውና ከርጭት ይረፍ፣ ጤና ጣቢያም ይታይ። ላብ፣ ምራቅ መብዛት፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም የጡንቻ መንቀጥቀጥ ካለበት ልጥፉን ይዘው ወዲያው ይውሰዱት። ወተት ማጠጣት መርዙን አያረክስም፤ ጊዜ ብቻ ያባክናል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ቆስጣው ነው። ቅጠሉ በየጥቂት ቀኑ ስለሚለቀም ልጥፉ ከርጭት እስከ ለቀማ ጠብቁ የሚለውን ቀን ማክበር ያስቸግራል፤ ለቃሚዋም ሳይደርቅ ትገባበታለች። ቢያንስ 24 ሰዓት ማንም እንዳይገባ ያድርጉ። ለክሽክሽ ደግሞ በ1 ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ከቅጠሉ ሥር፣ ክሽክሹ በተጠራቀመበት ላይ፣ ወደ ማታ ይርጩ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ በ4 ወይም 5 ቀን ይድገሙት። ቅጠል እንዳያቃጥል አስቀድመው በጥቂት ተክል ላይ ይሞክሩት።