«ነገ ይምጡ»

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ወተት የፈሰሰበት ላፕቶፕ ይዘው ወደ ሱቄ መጡ። ሁለት ወር ያልሞላው ልጃቸው በእናቱ እቅፍ ተኝቷል። ካናቴራና የሠርግ መጥሪያ የሚያትሙበትን ቤት ከከፈቱ ገና ስድስት ወራቸው ነው። የባልየው ዓይን ደም ለብሷል፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሊወጡ ሲሉ ዘወር ብሎ «ጋሼ፣ እርስዎ ልጅና ሥራን አንድ ላይ እንዴት ቻሉት?» አለኝ። ወረፋ ስለነበረ «ያሳድግላችሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። መልሱ «አልቻልኩትም» የሚል ስለሆነ በር ላይ ቆሞ የሚነገር አልነበረም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ ለእነርሱም፣ በእነርሱ ዕድሜ ላላችሁም።

ሱቄን የከፈትኩት በ1991 ነው። አዳማን ዛሬም ናዝሬት የሚሉ የቀድሞ ደንበኞቼ ራዲዮና ቴፕ ስጠግን ያውቁኛል፤ ኮምፒውተር የጀመርኩት ቴፑ እየቀረ ሲመጣ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ ብዙ ዓይነት ቫይረስ አይቻለሁ፤ እንደ «ነገ ይምጡ» ብዙ ሱቅ የዘጋ ግን አላየሁም። ልብስ ሰፊውም፣ አናጺውም፣ ወርቅ ሠሪውም ይለዋል። ደንበኛው ስንፍና ወይም ውሸት ይመስለዋል። እኔ ግን ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ ቀብድ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያ ልጄ ግንቦት 1993 ተወለደች። ሰኔ ሲገባ አንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት ኮምፒውተራቸውን አመጡልኝ። እትዬ እላቸው ነበር። ያላቸው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ብቻ ነው፤ ወቅቱ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስተይቡበት ስለሆነ የዓመቱ ገቢያቸው እዚያ ሣጥን ውስጥ ነበር። ስከፍተው ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ይህ ድምፅ ማንበቢያው ራስ መረጃው የተጻፈበትን ቦታ ማግኘት ሲያቅተው ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ሲሞክር የሚሰማ ነው። መድኃኒቱ ወዲያው ማጥፋት፣ አዲስ ዲስክ መግዛት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ አብርቶ የሚተርፈውን መገልበጥ ነው። እርሳቸውም የአዲሱን ዲስክ ዋጋ በዚያው ዕለት ቆጥረው ሰጡኝ፤ ከመርካቶ ላመጣላቸው።

ገንዘቡን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያን ጊዜ የሱቁም የቤቱም ገንዘብ ያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ቤት ውስጥ አራስ አለች፤ ለገንፎው ቅቤ፣ ለአጥሚቱ እህል፣ ጠያቂ ሲመጣ ቡና። ሁሉም ተገቢ ወጪ ነው፤ አንዱንም አላባከንኩም። ሐሙስ መርካቶ ልሄድ መሳቢያውን ስከፍተው ግን የእትዬ ዲስክ በቅቤና በቡና መልክ ወጥቶ አልቋል።

«ነገ ይምጡ» አልኳቸው። በማግሥቱም እንዲሁ። በየማታው ደግሞ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት «ዛሬስ ያነብ ይሆን?» እያልኩ ዲስኩን አበራው ነበር፤ እያንዳንዷ ማብራት ከቀረው ዕድሜ እንደምትቀንስ እያወቅሁ። በአምስተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ። ከድምፁ ጋር የአሥራ አንድ ተማሪዎች ሥራ ሄደ።

እትዬ አንዳንዱን በፍሎፒ ገልብጠው ስለነበር ሦስቱ ተረፉ። የቀሩትን ከተማሪዎቹ የእጅ ጽሑፍ እንደገና ለመተየብ ተገደዱ። ኮምፒውተር ከጓደኛ ተውሼ፣ አንዲት ጸሐፊ በራሴ ወጪ ቀጥሬ፣ እኔም በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ ሌሊት ሌሊት አብሬያቸው ተየብኩ። ባለቤቴ አራስ ቤት፣ እኔ የሌላ ሰው ጽሕፈት ቤት። እትዬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ከሁሉም የከበደኝ ግን የሥራው መጨረሻ ላይ ያሉት ነው፦ «ገንዘቡ ከቸገረህ ለምን አልነገርከኝም? ዲስኩን ሌላ ቦታ እወስደው ነበር።» የመጀመሪያው ቀን «አልችልም» ብዬ ቢሆን ኖሮ አንድ ደንበኛ ባጣ ነው። አልችልም ማለት አፈርኩ፤ አዲስ አባት ለማንም አልችልም ማለት ያፍራል።

የዚያ ሰሞን ጥፋቴ ይህ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ኤሌክትሪክ በሚገባበት በኩል፣ 115 እና 230 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ያሉት ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ነበረ። የእኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ባደረችበት ማግሥት አንዱን አጽድቼ ስገጥም መቀየሪያውን 115 ላይ ተውኩት። ሰካሁት፤ ጧ አለ፤ ጭስ። በዚያ ቀን የገባኝን ነገር እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሣጥን አይከፍትም። ቤት ውስጥ ጨቅላ ካላችሁ ሌሊት ሳይተኛ የታደረበትን ቀን አቧራ ለማራገፍ፣ ሒሳብ ለመጻፍ፣ ለደንበኛ ለመደወል አውሉት። ማተሚያ ቤት ያላችሁም እንዲሁ ናችሁ፤ በደከመ ዓይን የታየ የሠርግ መጥሪያ የሙሽራውን ስም ያጣምማል፣ የወረቀቱን ኪሳራ ደግሞ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

አሁን ሱቄን ወዳስተካከለው ወደ ልጄ ክትባት ልምጣ። የልጄን የ45 ቀኑን፣ የሁለት ወር ተኩሉንና የሦስት ወር ተኩሉን እናቷ አስከትባታለች። የዘጠኝ ወሩን፣ የኩፍኙን፣ እኔ ልወስዳት ቃል ገባሁ። ካርዱ ላይ ሰኞ ይላል። ሰኞ ሱቅ ተጨናነቀ፤ ማክሰኞ ይዣት ሄድኩ። ሲስተሯ ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ቀጣዩ ሰኞ» ብላ ጻፈችልኝ። አንድ መርፌ ምን ያስቸግራል ብዬ ተከራከርኩ። እርሷም ሳትቆጣ አስረዳችኝ። የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት የሚሆን ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልተወሰደው ይደፋል። ለአንድ ልጅ ከተከፈተ የሌሎቹ ድርሻ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቹ በአንድ ቀን ይሰበሰባሉ።

ልጄን ታቅፌ ወደ ቤት ስመለስ የማስበው ስለ ሱቄ ነበር። እኔ በየሰዓቱ ብልቃጥ እከፍታለሁ። የአንዱን ኮምፒውተር ፈትቼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፣ እርሱን ልየው ስል ስልክ ይጠራል፣ ብሎኑ ይጠፋል፣ ማታ ላይ አራት የተፈታ ሣጥን እንጂ አንድም ያለቀ ሥራ የለኝም። ሲስተሯ በአንዲት ካርድና በአንድ ብዕር ከእኔ ይልቅ ብዙ ሰው በቀኑ ታስተናግዳለች።

ከወፍራም ወረቀት ካርዶች ቆረጥኩ። የገባበት ቀን፣ ችግሩ፣ የተቀበልኩት ቀብድ፣ የሚመለስበት ቀን። ሰኞ መቀበያ፣ ማክሰኞና ረቡዕ መፍቻ፣ ሐሙስ መርካቶ፣ ዓርብ ማስረከቢያ። ያን ጊዜ ፈጣኑ መንገድ አልነበረም፤ በደብረ ዘይት በኩል ከጭነት መኪናው ጋር እየተጋፉ መሄድና መመለስ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ሐሙስን ለብቻው መተው ግድ ነበር። የመጀመሪያው ወር አስቸጋሪ ሆነ። «የሚቀጥለው ዓርብ» ስላቸው ዕቃቸውን አንሥተው ወደ ጎረቤት የሄዱ ብዙ ናቸው። ጥቂቱ ተመለሱ፣ የቀሩት አልተመለሱም። ይህን የምነግራችሁ እውነተኛ ቀን መናገር ወዲያው ያበለጽጋል ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው መንገድ ላይ ሲያያችሁ መንገድ አትቀይሩም።

ቀብዱን ደግሞ ከካርዱ ጋር በፖስታ አሽጌ እለየው ጀመር። የእናንተ ጣጣ ከእኔ መሳቢያ ይብሳል። ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ወዲህ የደንበኛው ቀብድ የሚገባው ለልጁ ዳይፐር በምትገዙበት በዚያው ስልክ ነው። መሳቢያ ሲጎድል ቢያንስ እንጨቱ ይታያል፤ ስልክ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ለሱቁ ሌላ የስልክ ቁጥር፣ ሌላ ሒሳብ ይኑራችሁ። ለሁለታችሁም በወር የተቆረጠ ደመወዝ ይኑራችሁ፤ ትንሽም ብትሆን። ዕቃው ያልተገዛለት ቀብድ የእናንተ ገንዘብ አይደለም፤ ለጊዜው እናንተ ዘንድ ያደረ የሰው ገንዘብ ነው።

የራስ ሥራ ሲኖር ደግሞ የወሊድ ፈቃድ የሚፈርም አለቃ የለም። የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባትየው ሦስት ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ይሰጣል። አባት በሦስት ቀን ምን እንደሚሠራ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን። ለእናንተ ግን ሦስቱም የሉም፤ ካልቆጠባችሁላቸው። ሁለተኛው ልጄ ሲወለድ ዕቁብ ገብቼ ነበር፤ ዕጣው ቀድሞ ለደረሰው ሰው ምክንያቴን ነግሬ ተራ ተለዋወጥን። አሥራ ሁለት ቀን ሱቁን ዘጋሁ። በሩ ላይ የምከፍትበትን ቀን ጽፌ ለጠፍኩ፤ በዚያው ቀን ከፈትኩ።

ስለ ኮምፒውተሩ ራሱ ጥቂት ልበል፤ ሙያዬ ነውና ሳልናገር ብቀር ያንቀኛል። አዳማ የነፋስ አገር ናት። መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102 የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ በኮምፒውተራችሁ ማራገቢያ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሙቀቱ ላይ ሙቀት። በየሦስት ወሩ ደጅ አውጥታችሁ አስነፉት፤ ስታስነፉ ማራገቢያውን በጣታችሁ ያዙት እንጂ በአየሩ ግፊት እንዲሽከረከር አትፍቀዱለት፤ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ተርባይን ታጥራ መብራት የሚጠፋባት ከተማ ለምን ትሆናለች አትበሉኝ፤ እኔም ሃያ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ ይኑራችሁ፤ ግን ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት እንጂ ሠርግ ሙሉ መጥሪያ ለማተም አይደለም። መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፤ አመጣጡ አንዳንዴ ኃይለኛ ነው።

የልጃችሁ ፎቶና የደንበኞቻችሁ ሥራ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ካለ፣ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። አንዱን ቅጂ ከሱቁ ውጭ፣ እናታችሁ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ቅጂው ይከፈት እንደሆነም በየጊዜው ሞክሩት፤ ያልተሞከረ ቅጂ ይዘው መጥተው ፊቴ ያለቀሱ አሉ።

ፈሳሽ ሲፈስበት ደግሞ መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ ገልብጦ ማስቀመጥ፣ ከዚያ እጅን መሰብሰብ። የሚገድለው «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ማብራት ነው። እኔ በእትዬ ዲስክ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሩዝ ውስጥ መቅበር ለሚሏችሁ ሩዙን ቀቅላችሁ አብሏቸው።

ስለ ቤት አንድ ነገር ቀረኝ። ካርዶቹን ከጀመርኩ በኋላም «ነገ በጊዜ እመጣለሁ» ማለቴን አልተውኩም ነበር፤ ለሱቅ ቀን ሰጥቼ ለቤት አልሰጠሁም። አንድ ማታ ስገባ ከካርዶቹ አንዱ በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የባለቤቴ ጽሕፈት ነው፦ «ዕቃ፦ አባት። ችግር፦ አይገኝም። ቀብድ፦ ተበልቷል። የሚመለስበት ቀን፦ ማክሰኞና ዓርብ በ11 ሰዓት።» ሳቅሁ፤ እርሷ አልሳቀችም። ማክሰኞና ዓርብ ሱቄ እስከ ዛሬ በ11 ሰዓት ይዘጋል። ካርዱ አሁንም አለ፤ ጠርዙን ልጄ ጥርስ ስታወጣ አኝካዋለች።

ወተት የፈሰሰበት ላፕቶፕ ዓርብ በ9 ሰዓት ይወሰዳል። ቁልፎቹ ተጣብቀው ስለነበር መተየቢያው መቀየር ነበረበት፤ ፋይሎቻችሁ ደኅና ናቸው። ሐሙስ አትምጡ፤ መርካቶን ለረቡዕ አድርጌዋለሁ፣ ሐሙስ የልጅ ልጄ የ45 ቀን ክትባት ስላለባት ሱቁ ዝግ ነው።