ሴቶች ለምን ረዥም ዕድሜ ይኖራሉ? ተፈጥሮ አለበት፣ ግን ሁሉም ተፈጥሮ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በቤተሰባችሁ አያቶችሽና አክስቶችሽ ሰማንያን ሲያልፉ ወንዶቹ ስድሳዎቹ ላይ እያረፉ ነው። ተፈጥሮ ነው ወይስ አኗኗር ብለሽ ጠይቀሻል። አባትሽ ወደ ስድሳ እየተጠጉ ስለሆነ ጭንቀትሽ ይገባኛል። እኔ ነርስ ነኝ። ብዙውን ዘመኔን የሠራሁት የደም ግፊትና የልብ ሕመም ክትትል ላይ ስለሆነ ያየሁትንም ያነበብኩትንም ልንገርሽ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ደረጃ ሴቶች በአማካይ የሚኖሩት 76፣ ወንዶች 71 ዓመት ገደማ ነው። አማካይ ነው እንግዲህ። ሚስቱን ቀብሮ ብዙ ዓመት የሚኖር ወንድም ሞልቷል።

ተፈጥሮ የራሱ ድርሻ አለው። ያለጊዜያቸው ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል ይበልጥ የሚሞቱት ወንዶቹ ናቸው። ጨቅላ ደግሞ አያጨስም፣ አይጠጣም። ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም (ከወላጅ የሚወረሰውን ባሕርይ የሚሸከም የሕዋስ ክፍል) ስላላት አንዱ ላይ ያለ ጉድለት በሌላው ሊሸፈን ይችላል። ወንድ ያለው አንድ ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞንም የደም ሥሯን ይጠብቅላታል። የልብ ሕመም ሴቶች ላይ ከወንዶች ወደ አሥር ዓመት ዘግይቶ የሚመጣው አንድም በዚህ ነው። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ግን ይህ ጥበቃ ስለሚቀንስ እናትሽንም አትርሺ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁሉም ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ የትም አንድ ዓይነት በሆነ ነበር። አይደለም። ሩሲያ ውስጥ ወደ አሥር ዓመት ይደርሳል፤ መጠጥና ሲጋራ ትልቅ እጅ አለበት። በሌላ በኩል በጀርመን ባቫርያ የመነኮሳትና የመነኮሳይያት ዕድሜ ተጠንቶ ነበር። ሁለቱም በገዳም ሥርዓት፣ በተቀራረበ አኗኗር የሚኖሩ ናቸው። በመካከላቸው የተገኘው ልዩነት አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው! ከገዳሙ ውጭ ግን ልዩነቱ በብዙ እጥፍ የሰፋ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ «የወንድ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም።

በሥራዬ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ሴት ስታረግዝ ግፊቷ ይለካል። ልጅ ልታስከትብ ስትመጣም ከጤና ባለሙያ ጋር ትገናኛለች። ወንዱ ግን ከሃያ እስከ ሃምሳ ዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ክንዱ ላይ መለኪያ ሳይታሰር ሊያልፍ ይችላል። ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ስንቱን ወንድ መጀመሪያ ያየሁት ግማሽ አካሉ ከደነዘዘ በኋላ ነው! ታሞ የመጣውንም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ይዛው የምትመጣው ሚስቱ ወይም ልጁ ናት። ሚስት ስትሞት ክትትሉን የሚያቋርጥ አባት ብዙ አይቻለሁ፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

መድኃኒት ማቋረጥም አለ። አንዳንዱ ደህና ነኝ ብሎ ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ወንድነቴን ቀነሰብኝ ብሎ፣ ግን ለማንም ሳይናገር ያቆማል። ለሐኪሙ ቢናገር እኮ መድኃኒቱ ሊቀየርለት ይችላል። ይህን ለልጅ አውጥቶ መናገር ስለሚከብድ፣ አባትሽ ከሐኪሙ ጋር ለብቻቸው የሚያወሩበት ጊዜ ይኑራቸው።

ሴቶቹም ረዥም ዕድሜ ኖሩ ማለት ጤነኛ ሆነው ኖሩ ማለት አይደለም። የመገጣጠሚያ ሕመምና የአጥንት መሳሳት ይበልጥ የሚያሠቃየው እነሱን ነው።

ስለዚህ አባትሽ ግፊታቸውን፣ ስኳራቸውንና ኮሌስትሮላቸውን ይለኩ። የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ በስድሳ ዓመትም ማቆም ዕድሜ ይጨምራል። ደረታቸውን ጨምድዶ ከያዛቸው፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ላብ ካጠመቃቸው «ትንሽ ልረፍ» ቢሉም አትስሚያቸው፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ወንድሞችሽም አርባ እስኪሞላቸው አይጠብቁ፤ ከአሁኑ ይለኩ። ሲሄዱም ከቤተሰቡ ወንዶች ማን በምን እንደሞተና በስንት ዓመቱ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ። በተለይ አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመቱ በፊት የልብ ሕመም ይዞት ከነበረ ሐኪሙ ያንን ማወቅ አለበት።