ፉክሲያዬ ሞቷል ወይስ ተኝቷል?

ጥያቄ፦ ለንደን ግቢዬ ውስጥ የተከልኩት ፉክሲያ የተባለ የአበባ ቁጥቋጦ እስከ ኦክቶበር አበባው ተንዠርግጎ ነበር። ከብርዱ በኋላ ግን ቅርንጫፉ ሁሉ ግራጫ ሆኖ፣ ሲነኩት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ነቅዬ ልጣለው?

መልስ፦ እባክዎ አይንቀሉት። ብርድ የሚችሉት ዝርያዎች፣ በተለይ መነሻው ደቡብ ቺሊና አርጀንቲና የሆነው ማጄላኒካ፣ ላያቸው ቢደርቅም ከሥር ያቆጠቁጣሉ። አንዳንዱ እስከ ሜይ መጨረሻ ያስጠብቃል። ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማ ቢሆንም ሥሩ ሊተርፍ ስለሚችል ይታገሡት።

የሚቆረጠው በኤፕሪል ነው፤ ከታችኛው ለጋ ቡቃያ ትንሽ ከፍ ብለው ይቁረጡ። በመከር ወቅት መቁረጥ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ነው፤ አሮጌው ግንድ ሥሩን ከውርጭ ይከላከልለታል።

ሌላ ሲተክሉ ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ይሁን። ከማሰሮው የወጣው አፈር አናት ከመሬቱ ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ የተቀበረው ግንድ ቡቃያ ከብርድ የሚተርፈው ለዚህ ነው። በኖቬምበር ደግሞ ሥሩን 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ብስባሽ ያልብሱት። ውሃ የሚያቁር ሸክላ አፈር ከብርዱ ይልቅ ስለሚገድለው አስቀድመው ብስባሽ ይቀላቅሉበት።

የቅርንጫፉ ጫፍ አብጦ፣ ተጨማድዶና ቀልቶ ካዩ ግን ብርድ አይደለም። በዓይን የማትታይ ደቂቅ ተባይ ገብታበታለች። ለቤት አትክልተኛ የሚሸጥ የሚረጭ መድኃኒት አያጠፋትም። የታመመውን ክፍል እስከ ጤነኛው ግንድ ቆርጠው ያቃጥሉ፤ ብስባሽ ውስጥ አይጨምሩት፤ መቀሱንም ያጽዱ።