ጌሙ አልቋል፤ ተጫዋቹስ?

ጥያቄ፦ «በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከወንድሜ ጋር የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ሲሙሌሽን ጌም ሠርተን ጨርሰናል፤ ተጫዋቹ ሾፌርም ወያላም ነው። ትሬይለሩን (አጭር ማስተዋወቂያ ቪዲዮውን) ፌስቡክ ላይ ስንለቀው ላይኩ ጎረፈ፤ ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ዊሽሊስት ያደረጉት (ልገዛው እፈልጋለሁ ብለው የመዘገቡት) ግን መቶ አይሞሉም። በሚቀጥለው ወር ልንለቀው ነው። ያጠራቀምነውን ብር ለታዋቂ ቲክቶከር ከፍለን እናስተዋውቅ ወይስ ቤተሰብ እንደሚለው ትቼው ሥራ ልፈልግ?»

እህቴ፣ ብሩን ለቲክቶከሩ አትስጪ፤ ጌሙንም በሚቀጥለው ወር አትልቀቂው። ወደ ቤተሰብሽ ምክር በኋላ እመጣለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል አልልም።

ፌስቡክ ላይ ላይክ ያደረገልሽ ሰው የራሱን ሰፈር አይቶ ደስ ስላለው ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጌም የሚችል ኮምፒውተርና ስቲም ላይ የሚከፍልበት ካርድ ያለው ስንቱ ነው? የአገር ቤት ቲክቶከርም የሚያመጣልሽ ያንኑ ሰው ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለው ወገን በናፍቆት ሊገዛሽ ይችላል፤ እሱ ጥሩ መነሻ ነው እንጂ ገበያው አይደለም። ዋናው ገዢሽ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ ደግሞ በጌም የሌላ ሰው ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። እኔን ሁሌም ይገርመኛል፤ ግን እንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች ብዙ ነው። ፕራግ ያለው ኤስሲኤስ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የተባለ የከባድ መኪና መንዳት ጌም አዳዲስ አገሮች እየጨመረበት ዓመታት ሙሉ ሸጦታል።

ለአንቺ ግን የሚቀርበው ሱፐርማርኬት ሲሙሌተር ነው። የቱርኩ ኖክታ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ለቀቀው። ሥራው ሸቀጥ መደርደር፣ ሒሳብ መቀበል፣ መልስ መቁጠር ነው፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ዩቲዩበሮችና ስትሪመሮች (ሲጫወቱ በቀጥታ የሚያሰራጩ ሰዎች) ተቀባበሉት። ሰልፍ ተይዞ ሳለ አንድ ሰው ሳንቲም ሲቆጥርና ሲሳሳት ማየት ያስቃልም፣ ያናድዳልም፤ ተመልካቹ «እኔ ብሆን» ይላል።

አንቺ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ አለ። ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላ ወንበር በእጅ በእጅ የመጣው መቶ ብር የማን እንደሆነ አያውቅም፤ ዝርዝር የለውም። በዚህ መሃል «ወራጅ አለ!» ይባላል። ከፊት ትራፊክ ፖሊስ ቆሟል፤ ትርፍ የተጫነው ሰውዬ ዝቅ በል እየተባለ ነው። ይህን ለጀርመኑም ለቻይናውም ማስረዳት አያስፈልግም። የላክሽልኝ ትሬይለር ግን በአርማችሁ ይጀምርና ከተማዋን ከላይ እያሳየ ይቆያል፤ መልሱ የሚቆጠርበት ቦታ ሲደርስ ተመልካቹ ሄዷል። ቁረጪው። የመጀመሪያው ድምፅ የበሩ መንሸራተት፣ ቀጥሎ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይሁን። ጥሪውን በአማርኛ እንዳለ ተዪው፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይበቃል። የስቲም ገጹን ጽሑፍ ግን ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው ቢያንስ ወደ ጀርመንኛ፣ ቱርክኛና ቻይንኛ አስተርጉሚ። ያጠራቀማችሁት ብር ለዚህና ለሽፋኑ ምስል ይዋል። የጌማችሁን ስምም አስቢበት፤ «መንገድ» የሚል ጌም ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ሚኒባስና ሲሙሌተር የሚሉት ቃላት ስሙ ውስጥ ይግቡ።

ስለ ጊዜው፦ ስቲም «በቅርቡ» የሚለው ገጽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲወጣ ያስገድዳል፤ ይህ ግን ዝቅተኛው ገደብ እንጂ ዕቅድ አይደለም። ጌሙ ሲለቀቅ ዊሽሊስት ላደረገ ሰው ሁሉ ኢሜይል ይሄዳል። ዛሬ ብትለቂው ኢሜይሉ የሚደርሰው ለመቶ ለማይሞላ ሰው ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ የሚደረግ ኔክስት ፌስት የሚባል የስቲም የዴሞ (የነጻ መሞከሪያ ቅጂ) ፌስቲቫል አለ፤ አንድ ጌም የሚገባበት አንዴ ብቻ ስለሆነ ባዶ እጅሽን አትግቢበት። ከዚያ በፊት ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ያለውን አንድ መስመር ብቻ የያዘ ዴሞ አውጪና ትናንሽ ሲሙሌሽን ጌሞችን ለሚጫወቱ ዩቲዩበሮች ጻፊ። ታላላቆቹን ተያቸው፤ ጥቂት ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ኢሜይሉን ራሱ ያነባል። አራት መስመር፣ አንድ አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል፣ የዴሞው ሊንክ፤ በቃ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ስትሪመር ነኝ፣ አምስት ቁልፍ ላኪልኝ» የሚሉ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ቁልፉን፣ ማለትም ጌሙን በነጻ የሚያስገኘውን ኮድ፣ የሚቸረችሩ ናቸው። ኢሜይሉ ቻናሉ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ሳታረጋግጪ አንድም እንዳትልኪ።

አሁን ወደ ቤተሰብሽ። ሥራ ያዢ፤ ጌሙን ግን አትተዪው። ዴሞው ወጥቶ ዊሽሊስቱ እስኪጠራቀም ወራት ይወስዳል፤ በእነዚያ ወራት ደመወዝ ቢኖርሽ ተቻኩለሽ አትለቂውም። የምትልኪያቸውን ሊንኮች ስቲም በሚሰጠው መከታተያ ለያይተሽ የትኛው ቪዲዮ ስንት ዊሽሊስት እንዳመጣ በሰንጠረዥ መዝግቢ። ለሥራ ስትወዳደሪ «ጌም ሠርቻለሁ» ከማለት ይልቅ ያን ሰንጠረዥ ይዘሽ ግቢ። ኮድ የሚጽፍ ተመራቂ ሞልቷል፤ የሠራውን ምርት ተጠቃሚ ዘንድ አድርሶ ውጤቱን በቁጥር የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ለዲጂታል ማርኬቲንግም ለፕሮዳክት ሥራም ይጠቅምሻል።

ዋጋ ከመተመንሽ በፊት ስለ ገንዘቡ እወቂ። ለገጹ የከፈላችሁት 100 ዶላር ጌሙ 1,000 ዶላር ካስገባ በኋላ ይመለሳል። የስቲም ባለቤት ቫልቭ ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ላይ ከሚደርስሽ ድርሻ ሌላ 30 በመቶ ለአሜሪካ ግብር ይቀነሳል። ባንክሽ ከውጭ በዶላር የሚላክ ገንዘብ ለመቀበል ምን ሰነድ እንደሚጠይቅም አሁኑኑ ሄደሽ ጠይቂ፤ ጌሙ በተለቀቀ ሳምንት ስህተት ስታርሚና ለተጫዋች ስትመልሺ ወረፋ የምትይዢበት ጊዜ አይኖርሽም።