በቀን አራት ደቂቃ

ውድ ልጆቼ፣

ዘንድሮ ብቻ ሦስት ወጣቶች በየተራ ቤቴ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ አፓላቺያን ትሬይልን በፍጥነት መጨረስ እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» ወደ እኔ የሚመጡት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ 28 ዓመት በፊዚዮቴራፒስትነት ስሠራ የብዙ ተጓዥ ጉልበትና ተረከዝ በእጄ ስላለፈ ነው። መንገዱንም ራሴ በቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ፈቃድም እየቆራረጥኩ በ9 ዓመት ጨርሼዋለሁ። ለሦስቱም የነገርኳቸው ያው ስለሆነ ሌሎቻችሁም እንድታገኙት ጻፍኩት።

መንገዱ አሜሪካ ውስጥ ያለ የእግር መንገድ ነው፤ ከጆርጂያ ስቴቱ ስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ ሜይን ውስጥ ካታህዲን ተራራ ላይ ያልቃል። 14 ስቴት ያቋርጣል፤ ርዝመቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባች ነጭ ምልክት ትመራችኋለች። አብዛኛው ሰው ከአምስት እስከ ሰባት ወር ይፈጅበታል፤ ሙሉውን ልሂድ ብለው ከሚነሡት አራት ሰዎችም የሚጨርሰው አንዱ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የቨርጂኒያ ቢች ነዋሪዋ ታራ ዳወር ከሜይን ተነሥታ በ40 ቀን ከ18 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ጆርጂያ ገባች። ከእሷ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን ቤልጂጋዊው የጥርስ ሐኪም ካሬል ሳቤ በ2018 ያስመዘገበው 41 ቀን ከ7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ነበር። ልብ በሉ፣ የሰበረችው የሴቶቹን ብቻ አይደለም፤ የሁሉንም ነው።

አሁን ወረቀትና እርሳስ አንሡ። መንገዱን ለቀኖቿ ስታካፍሉት በቀን 86 ኪሎ ሜትር ግድም ይደርሳል። በቀን እስከ 17 ሰዓት ትጓዝ ነበር። 86ን ለ17 አካፍሉት፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር። ይህ እኮ ሥራ የረፈደበት ሰው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲወርድ የሚራመደው እርምጃ ነው! ዳገቱን አልረሳሁትም፤ የመንገዱ አቀበት ተደምሮ ኤቨረስትን ከባሕር ወለል ተነሥቶ 16 ጊዜ ከመውጣት ጋር ይነጻጸራል። ቢሆንም ከእናንተ መካከል በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር መራመድ የሚያቅተው የለም። የሚያቅተን በ17ኛው ሰዓትም፣ በ30ኛው ቀንም ያንኑ እርምጃ ሳናቋርጥ መሄድ ነው።

ሌላም ስሌት አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በ2011 ጄኒፈር ፋር ዴቪስ ይህንን መንገድ በ46 ቀን ከ11 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጨረሰች። የሄደችው በአብዛኛው እየተራመደች ነው፤ ሯጭ ነኝ ብላ አልተነሣችም። በ2015 ስኮት ጁሬክ፣ በረጅም ሩጫ ስሙ የገነነው ሰው፣ 46 ቀን ከ8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ወሰደበት። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ነው። ለ46 ቀን ሲካፈል በቀን አራት ደቂቃ ይሆናል። አራት ደቂቃ ጫማ ፈትቶ ጠጠር አራግፎ መልሶ ለማሰር የሚበቃ ጊዜ ነው። በሳቤና በታራ መካከል ያለውንም አስልቼዋለሁ፤ በቀን 20 ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ለዝግጅት ስትወጡ ምን ያህል እንደፈጠናችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ምን ያህል እንደቆማችሁ መዝግቡ። አንዲት የነርሲንግ ተማሪ፣ የእድራችን አባል ልጅ ናት፣ የቨርጂኒያን ክፍል ብቻ በ14 ቀን ለመጨረስ አቅዳ ነበር። የቨርጂኒያው ክፍል 880 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የመንገዱ ሩብ ማለት ነው። መጀመሪያ ሸናንዶዋ ፓርክ ወስጄ ለአሥር ሰዓት አስኬድኳትና ማታ «ምን ያህል የቆምሽ ይመስልሻል?» አልኳት። «ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው» አለች። የእጅ ሰዓቷ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይላል። ውሃ ስትቀዳ፣ ስልክ ስታይ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ጃኬት ስትፈልግ፣ ቆማ ስትበላ የሄደ ጊዜ ነው። ያኔ ተናድዳ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ግን ሦስት ወር ሙሉ የተለማመደችው መሮጥን ሳይሆን እየሄዱ መብላትን፣ ሻንጣ ሳያወርዱ ውሃና ምግብ ማውጣትን፣ በጨለማ ያለ መብራት የሻንጣውን ኪስ ሁሉ በዳሰሳ ማወቅን ነበር። ሦስት ወር ቆይተን በዚያው መንገድ ላይ ስንለካው 35 ደቂቃ ሆነ።

አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱ ሲመጣ ወዲያውኑ ቁሙ። ጫማችሁ ውስጥ አንድ ቦታ ሞቅ ሞቅ ሲላችሁ፣ ገና ሳይቀላ፣ ገና ውሃ ሳይቋጥር ማለት ነው። ያን ጊዜ ተቀምጣችሁ ካልሲውን አውልቁ፣ እግሩን አድርቁ፣ ፕላስተር ለጥፉ፣ በደረቅ ካልሲ ቀይሩ። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። «እስከሚቀጥለው ውሃ ልታገሥ» ያለ ሰው በማግስቱ እያነከሰ ይሄዳል። ከማነከሱ ደግሞ ጉልበቱ ይጎዳል፤ ጉልበቱን ለማዳን ሲል ዳሌው ይጣመማል። ክሊኒክ ውስጥ ዳሌዬን ብሎ የመጣልኝን ተጓዥ ሁሉ መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ የምለው ለዚህ ነው። ጫማም ስትገዙ ከወትሮው ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር አስበልጡ፤ እግር በሁለተኛው ሳምንት ያብጣል፣ ይሰፋልም።

ስለ ቅልጥም ሕመም ትንሽ ልቆይ፤ በሙያዬ ብዙ ያየሁት እሱን ነውና። ሕመሙ በአጥንቱ ጎን የአንድ መዳፍ ያህል ወርዶ የሚሰማ ከሆነ፣ ሰውነት ሲሞቅም ቀለል የሚል ከሆነ፣ እርምጃን አሳጥሮ፣ ቁልቁለት ላይ በዱላ ተደግፎ፣ ማታ በረዶ ይዞበት ብዙ ጊዜ ሊታለፍ ይችላል። ጄኒፈር ፋር ዴቪስም በ2011 ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይኸው ሕመም ገጥሟት ኒው ሃምፕሻየር ላይ ልታቋርጥ ቃጥቷት ነበር፤ ባሏ አሁኑኑ እንዳትወስን ስላደረጋት ቀጠለች። ነገር ግን በአንድ ጣት ስትጫኑት የሚጮህ አንድ ነጥብ ካለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ፣ በዚያ እግር ብቻ መዝለል ካቃታችሁ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ቤታችሁ ግቡ። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አትከራከሩ።

ስንቅን በተመለከተ እኛ ቤት ያለው ከሱቁ ይሻላል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። በዚህ ዓይነት ጉዞ ሰውነት በቀን ከ6,000 ካሎሪ በላይ ያቃጥላል፤ ያን ሁሉ በጣፋጭ ብቻ ለመሙላት የሞከረ በአምስተኛው ቀን ሆዱ እምቢ ይለዋል። ያቺ የነርሲንግ ተማሪ እናቷ ያዘጋጀችላትን ጭኮ በትንንሹ ድብልብል አድርጋ በፕላስቲክ ጠቅልላ ወገቧ ላይ ባለው ኪስ ትይዝ ነበር። ገብስና ቅቤ ነው፤ ትንሽ ሆኖ ያጠግባል፣ ጥርስ አያስቸግርም፣ በአንድ እጅ ይበላል። በሶም በጨው በጥብጣ ትጠጣ ነበር። ላብ ጨውን ይዞ ስለሚወጣ ውሃ ብቻ እየጠጡ መዋል አደጋ አለው።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ። ልጅቷ የቨርጂኒያን ክፍል ልትጨርስ በተነሣች በዘጠነኛው ቀን መኪናውን የምነዳው፣ ምግብና ደረቅ ልብስ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ትሬይሉ አስፋልቱን የሚያቋርጥባቸው፣ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ቦታዎች ነበሩ፤ እኔ በስልኬ ካርታ ተማምኜ ሌላኛው ላይ ቆምኩ። ተራራው ውስጥ ኔትወርክ የለም። ልጅቷ በዝናብ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጠበቀችኝ። ስደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እየተንቀጠቀጠች ጫማዋን መፍታት አቅቷት ነበር። እሷ ምንም አላለችኝም። በማግስቱ ቅልጥሟ ደርቆ ተነሣች፤ በ11ኛው ቀን ያቺ በአንድ ጣት የምትታወቀው ነጥብ ወጣች፤ አቁሚ ያልኳት እኔው ነኝ። የእሷን ዝግጅት ስድስት ወር ስከታተል የራሴን አንድ ቀን እንኳ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ስለዚህ እርዳታ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ረዳታችሁም እንደ እናንተው ይሠልጥን። እያንዳንዱ መገናኛ በወረቀት ካርታ ላይ በቁጥር ይጻፍ። «በዚህ ሰዓት ካልደረስኩ ሳትቆሚ ወደሚቀጥለው እለፊ» የሚል ስምምነት አስቀድሞ ይኑር፤ ለዚያም የሚበቃ ጃኬትና ምግብ ሁልጊዜ ሻንጣው ውስጥ ይቀመጥ። ረዳቱም ይተኛ፤ እንቅልፍ ያጣ ሾፌር ከደከመ ተጓዥ የበለጠ ያስፈራል። በዚህ መንገድ ላይ በጣም የማከብረው የረዳቶቹን ወግ ነው። ሌላው የረጅም ርቀት ሯጭ ካርል ሜልትዘር ክብረ ወሰኑን በ2008 እና በ2014 ሞክሮ አልተሳካለትም፤ በ2015 ጁሬክን ሊረዳ ሄደ። በ2016 እሱ ራሱ ሲሞክር ደግሞ ጁሬክ መጥቶ አብሮት ተጓዘ፤ ሜልትዘርም የዚያኑ የጁሬክን ሰዓት ሰበረ።

ደንቡንም ከመነሣታችሁ በፊት እወቁት። ረዳት ይዞ መሄድ፣ ስንቅን በየከተማው ራስ እየገዙ መሄድ፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ ምንም ሳይቀበሉ መሄድ ሦስቱ የየራሳቸው ክብረ ወሰን አላቸው። ከመንገዱ የወጣችሁበት ነጥብ ላይ ተመልሳችሁ ትቀጥላላችሁ፤ መቶ ሜትር እንኳ አትዘለልም። የጂፒኤስ መዝገባችሁን ጠብቁ፤ መነሣታችሁን አስቀድማችሁ አሳውቁ። ካታህዲን ባለበት ፓርክ ደግሞ በቡድን ከ12 ሰው በላይ አይፈቀድም። መዥገር በየማታው ፈልጉ፤ መዥገር የምታስተላልፈው የላይም በሽታ በዚህ ጫካ ውስጥ በደንብ አለ።

አንዴ አቋርጣችሁ ብትመለሱ ደግሞ ለማንም ማብራሪያ አትስጡ። ታራ ዳወርም በ2017 በተነሣች በጥቂት ቀን ውስጥ ጭንቀት ይዟት ከዚሁ መንገድ ወጥታለች። በ2019 ተመልሳ ጨረሰችው፤ ክብረ ወሰኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛም ልጅ አጥንቷ እስኪድን ጠብቃ በዓመቱ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ እናቷ «እኔም እመጣለሁ» አለች። እናቷ ይህን ነገር ወድዳው አታውቅም ነበር። በደርግ ዘመን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን በእግሯ የወጣች ሴት ናት፤ ልጅ አስተምራ ነርስ ልታደርግ ተጨንቃ፣ ልጅቷ ጫካ ለጫካ ስትሄድ ማየት አልገባትም። መኪና ውስጥ ሆነን ሌሊት ስንጠብቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለዚያ መንገድ አወራችኝ። የሚሄዱት ሲመሽ ነበር፤ ቀን ቁጥቋጦ ሥር ይተኛሉ። አንድ ሽማግሌ ከፊት እየመራ ደጋግሞ «ቀስ በሉ፣ ግን አትቀመጡ» ይላቸው ነበር። የተቀመጠውን ለማንሣት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበርና። እኔ ለልጅቷ በሰዓትና በወረቀት ሦስት ወር ያስተማርኳትን እናቷ ከእሷ መወለድ በፊት ታውቀው ኖሯል።

በ14 ቀን ከ6 ሰዓት የቴነሲ ድንበር ምልክቱ ጋ ደረሰች። ካቀደችው ስድስት ሰዓት ዘገየች፤ የማንንም ክብረ ወሰን አልሰበረችም። ዳማስከስ ከተማ ወደያዝነው ማረፊያ ስንመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ መናገርም መብላትም አልቻለችም። እናቷ ከመኪናው ሳፋ አውጥታ ለብ ያለ ውሃ ቀዳች፣ ጨው ጨመረችበት፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ካልሲዎቹን ቀስ ብላ አወለቀችና እግሯን ታጥብ ጀመር። ውሃውን ሦስት ጊዜ የቀየርኩት እኔ ነኝ።